የሰውን ስም ተውሶ የሄደ ቀልድ

ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» እንደ መጣ በሰፊው ይነገራል፤ ትርጓሜውም «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ቃሉም አብሮት ገባ፤ ሰውም እየተቀባበለ በአማርኛ አፍ ገራው። ዛሬ ባቡሩ ከዚህ አይነሣም፤ የአዲሱ መስመር መነሻ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ለቡ ሄዷል። ስሙ ግን ከሰፈሩ አልወጣም። ቃል እንዲህ ነው፤ ከጫነው ባቡር ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ይህን ያሰብነው በዚሁ በለገሃር በታክሲ ሰልፍ ቆመን ስንጠብቅ ነው። ከፊታችን የነበረ አንድ ወጣት የእጅ ስልኩን ለባልንጀራው ሲያሳይ እኛም አየን። በሥዕሉ ላይ የባላገር ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ይታያሉ። ከራሳቸው በላይ «ነገ ተመለስ ካሉኝ አሥር ዓመቴ» የሚል ተጽፎበታል። ሳቅን። የመንግሥት ሠራተኞች ነንና ቀልዱ በኛው ላይ የተሠራ መሆኑን እያወቅን ሳቅን፤ የሚገባንም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሥዕል ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን የመሥሪያ ቤቱ በር ተቆርጦ ወጥቷል፤ ጽሑፉም ስለ ቢሮ መጓተት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰው ደንቆሮነት ሆኗል። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ጽሑፍ እንኳ አልነበረውም። የሽማግሌው ፊት ብቻውን ያስቅ ጀምሯል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በመሥሪያ ቤት ላይ የተወረወረው ቀልድ እንዴት ሆኖ በባለጉዳዩ ላይ ወደቀ? ማንም ሰው ሽማግሌውን ልጉዳ ብሎ አልተነሣም። ታዲያ ጉዳቱ ከየት መጣ? የዚህን ምስጢር ለመረዳት ከስልክና ከኢንተርኔት ዘመን ወደ ኋላ ሄደን አንድ አሮጌ ቀልድ እንመርምር። ቀልዱ የተቀለደው በሩቅ አገር ነው፤ የተቀለደበት ስም ግን የኛ ነው።

ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910) ስድስት ወጣት እንግሊዛውያን በለንደን ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ተሳፍረው ዌይማውዝ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሄዱ። አራቱ ፊታቸውን አጥቁረው፣ የውሸት ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥም ጠምጥመው የአቢሲኒያ መሳፍንት ሆነዋል። የነገሩ ጠንሳሽ ሆሬስ ዲ ቪር ኮል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን፣ አድሪያን ስቲቨን ደግሞ አስተርጓሚ ሆነዋል። ከአራቱ «መሳፍንት» አንዷ ሴት ነበረች፤ እርስዋም የአድሪያን እኅት፣ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ በድርሰቷ ዓለም ያወቃት የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት። ሠዓሊው ዳንከን ግራንትም ከመካከላቸው ነበረ።

አስቀድሞ በውጭ ጉዳይ ሹም ስም የተላከ የሐሰት ቴሌግራም ለጦር መርከቦቹ አዛዥ ለአድሚራል ሰር ዊልያም ሜይ ደርሶ ስለ ነበር፣ እንግዶቹ በክብር ተቀባይ ተላከላቸው፤ «ድሬድኖት» ወደምትባለውም መርከብ ተወሰዱ። ይህች መርከብ በ1906 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሕር የገባች፣ በዘመኗ አቻ ያልነበራት የጦር መርከብ ናት፤ ስሟም «ምንም የማይፈራ» እንደ ማለት ነው። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላገኘ የዛንዚባርን መታ። ከመኰንኖቹ አንዱ ዊልያም ፊሸር የእነ አድሪያን የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ አላወቃቸውም። ዝናብ ሲመጣ የአንደኛው «መስፍን» ጢም መላቀቅ ቢጀምርም ማንም ልብ አላለም። እንግዶቹም መርከቢቱን ዞረው አይተው፣ ቀለሙ ከከንፈራቸው እንዳይለቅ በሃይማኖት አመካኝተው ምግቡን ሳይቀምሱ በሰላም ተመለሱ።

አድሪያን ስቲቨን ይህን ሁሉ በ1936 በፈረንጆች አቆጣጠር በታተመች አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ተርኮታል። መጽሐፏን ያተመው ቨርጂኒያና ባሏ ሌናርድ ዉልፍ ያቋቋሙት ሆጋርት ፕሬስ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ከመዘንናት መጽሐፏ የምትመሰገንበት ብዙ አላት። አነጋገሯ የተቆጠበ ነው፤ ደራሲው ራሱን ጀግና አያደርግም፤ ሣቁን ከሁኔታው እንጂ ከቃላት ጋጋታ አይፈልግም። አስተርጓሚ ሆኖ የተናገረውን «ቋንቋ» ሲገልጽማ ያስቃል። በባቡር ላይ ሳለ ከአንዲት የስዋሂሊ ሰዋስው መጽሐፍ ጥቂት ቃላት ለመያዝ ሞክሮ ነበር፤ እነዚያ ሲያልቁበት በትምህርት ቤት በቃሉ የያዘውን የቨርጂልን ላቲንና የሆሜርን ግሪክኛ እየሰባበረ አነበነበ። የመርከቡ ሹማምንትም ሐበሽኛ ነው ብለው ተቀበሉት።

ነገር ግን እዚሁ ላይ አንድ አማርኛ አንባቢ ቆም ማለቱ አይቀርም። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ የተቀመጡት በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነበር። አድሪያንና ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ ይኖሩበት ከነበረው ከፊትዝሮይ አደባባይ እስከ ሙዚየሙ በእግር የሚሄዱበት መንገድ ነው። ግዕዙ፣ ፊደሉ፣ ድጓውና ገድሉ እደጃቸው ነበረ ማለት ነው። ቀልዱ ግን ይህን አላስፈለገውም። ለቀልዱ የሚያስፈልገው እውነተኛ ሐበሻ ሳይሆን፣ ማንም የማያውቀው፣ የፈለጉትን ቢናገር ትክክል ነው የሚባልለት ሰው ነው። የዋናው «መስፍን» ስም ማካሌን መባሉም በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሄደው የነበሩትን የራስ መኰንንን ስም ያስታውሰናል። ራስ መኰንን ካረፉ አራት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር።

በመጽሐፏ ውስጥ የጸጸት ቃልም አለ። አድሪያን የመርከቡ መኰንኖች እጅግ ትሑታንና ደጎች ስለ ነበሩ በእነርሱ ላይ ማላገጡ እንደ ከበደው ይናገራል። ይህ የጨዋ ሰው ስሜት ነው። ስሙንና መልኩን ለተዋሱት ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ ቃል አላገኘንም። ዕዳ እንዳለበት ያልተሰማው ሰው ዕዳውን ለመክፈል አይነሣምና በዚህ አንፈርድበትም፤ የምንፈርደው በቀልዱ አሠራር ላይ ነው።

አሁን ቀልዱ ከመርከቡ ወጥቶ እንዴት እንደ ተዛመተ እንመልከት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወሬው ለጋዜጦች ደረሰ። በተለይ «ዴይሊ ሚረር» የተባለው ጋዜጣ በሐሰተኞቹ መሳፍንት ልብስ የተነሡትን ፎቶግራፍ አወጣ። ጋዜጦቹም እንግዶቹ ባዩት ነገር ሁሉ እየተደነቁ «ቡንጋ ቡንጋ» ይሉ ነበር ብለው ጻፉ። ይህ ቃል በአማርኛም ሆነ በግዕዝ ትርጉም የለውም። ነገር ግን አጭር ነው፤ ይደጋገማል፤ ሕፃንም ሊለው ይችላል። ስለዚህ ረጅሙ ታሪክ፣ ቴሌግራሙና አድሚራሉ፣ ዘመዱን ያላወቀው መኰንንና የተላቀቀው ጢም፣ ሁሉም ወደ ኋላ ሲቀር «ቡንጋ ቡንጋ» ብቻውን ወደ መንገድና ወደ ሙዚቃ አዳራሽ ወጣ።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» እንደሚባለው፣ ሕዝቡ ደግሞ ጨመረበት። በእንግሊዝ አገር ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጭማሪ እንዲህ ይላል፤ ቀልዱ ከተፈጸመ በኋላ እውነተኛው የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት ለንደን መጡ፤ በሄዱበት ሁሉ የመንገድ ልጆች «ቡንጋ ቡንጋ» እያሉ ተከተሏቸው፤ መርከቦቹን ለማየትም ቢጠይቁ ተከለከሉ። ይህ ፈጽሞ አልሆነም። ዳግማዊ ምኒልክ በዕድሜያቸው ሙሉ የአውሮፓን ምድር አልረገጡም። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ በጽኑ ሕመም ተይዘው በአዲስ አበባ አልጋ ላይ ነበሩ፤ አገሪቱም ስለ አልጋ ወራሹና ስለ ሞግዚቱ ጉዳይ በሐሳብ ተይዛ ነበር፤ በዚያችው ዓመት በመጋቢት እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ። እውነተኛው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ወደ ለንደን የሄደው ከዐሥራ ስድስት ወር በኋላ ሲሆን፣ እርሱም ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል በሰኔ 1903 ዓ.ም. የተገኙት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ናቸው።

እንግዲህ የጭማሪውን ባሕርይ ልብ እንበል። በመጀመሪያው ታሪክ የተሞኘው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። በጭማሪው ግን የሚሣቅበት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው። ዒላማው ተለውጧል። ይህን ለውጥ አንድ ሰው ተቀምጦ አላሰበውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በራሱ ሆነ። «ድሬድኖት» በ1921 በፈረንጆች አቆጣጠር ለብረት ፍርፋሪ ተሸጠች፤ የቀልዱ ዒላማ የነበረው ኩሩ መርከብ ከዓለም ጠፋ። መሣሪያው ግን ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ2010፣ በኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር በሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ላይ የተነሣው የነውር ወሬ በዓለም ጋዜጦች ሲናኝ፣ የወሬው መለያ «ቡንጋ ቡንጋ» የሚለው ቃል ሆነ፤ ቃሉም የመጣው ስለ አንድ የአፍሪቃ ነገድ ከሚቀለድ ብልግና የተሞላ ቀልድ ነው ተባለ። ሁለተኛው ከፊተኛው በቀጥታ ተወለደ አንልም። ነገር ግን ሁለቱም ትርጉም የሌለውን ድምፅ ወስደው በጥቁር ሰው አፍ ውስጥ አኑረዋል።

ሪቻርድ ዳውኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1976 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ ለሚሄድ ሐሳብ፣ ዜማ ወይም ልማድ «ሚም» የሚል ስም አወጣ። ዛሬ በኢንተርኔት የሚዘዋወረውን የቀልድ ሥዕል ዓለም ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። ሊቁ እንዳስገነዘበው፣ አንድ ነገር ብዙ የሚቀዳው እውነት ወይም መልካም ስለ ሆነ ሳይሆን ለመቀዳት ስለሚመች ሊሆን ይችላል። ይህን በአማርኛ ስናስበው ከመንገደኛ ስንቅ ጋር ይመሳሰላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከባዱን ጥሎ ቀላሉን ይይዛል። በቀልድ ውስጥ ከባዱ ነገር ምክንያቱ ነው፤ ማን በማን ላይ፣ ስለ ምን ቀለደ የሚለው። ቀላሉ ደግሞ ፊትና ድምፅ ነው። ስለዚህ ሻካራ ቀልድ ሲዛመት ዒላማው ይወድቃል፤ መሣሪያው ይቀራል። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው።

አንዳንድ አንባቢዎች «ቀልዱ የእንግሊዝን ትዕቢት ያዋረደ ነው፤ እናንተ ስለ ምን ትቆጣላችሁ?» ይሉን ይሆናል። በእርግጥ የተዋረደው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው፤ በዚህም ከማንም ያላነሰ ሣቅን። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚታሰብ ከሚደረግበት ነገር ተለይቶ አይታይም። ቀልዱ ከመፈጸሙ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ውል በለንደን ተፈራርመው ነበር። የአድሪያን መጽሐፍ በታተመችበት በ1936 ደግሞ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ይዟል። በለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በዚያ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ሮማ ተወሰደ፤ በሮማም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሞ ታየ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀልድ አገር ይወርራል አንልም። ነገር ግን «ቡንጋ ቡንጋ ይላሉ» የተባሉ ሰዎች በጄኔቫ ቆመው ስለ ሕግ ሲናገሩ፣ የሚሰማቸው ጆሮ አስቀድሞ በሣቅ ተደፍኖ ቢሆንስ? ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እኛ በዚያ ቀልድ ውስጥ ሣሩ ነበርን።

ቀልድ ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን ግን አይደለም። የኛው አለቃ ገብረ ሐና በቅኔና በአቋቋም ሊቅነታቸው የሚታወቁትን ያህል በቀልዳቸውም ይታወቃሉ። ቀልዳቸው ያለ ጋዜጣና ያለ ስልክ ከጎንደር እስከ ሸዋ ተዛምቷል፤ እርሳቸው ያልተናገሩትም ብዙ በስማቸው ተጨምሯል። አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» አሏት የሚባለውን እናስብ። ቀልዱ ያለው በሰዋስው ውስጥ ነው፤ ለአንዲት ሴት «አደርሽ» ወይም «አደሩ» ማለት ሲገባ «አደራችሁ» ማለታቸው አህያይቱን ከባለቤቲቱ ጋር መቊጠራቸው ነው። ጨዋታው ያለ ምክንያቱ ሊነገር አይችልም፤ ምክንያቱ ከወጣለት ተራ ሰላምታ ብቻ ነው የሚቀረው። የተቀለደባትም ሴት ቋንቋውን ታውቃለች፤ ልትቆጣም ልትመልስም ትችላለች፤ ቀልደኛውም ስሙን አልደበቀም።

ከፈረንጆቹ ዘንድም ጥሩ ምሳሌ አለ። ከ2007 ጀምሮ በኢንተርኔት ሰውን ማሞኘት የሚወዱ ሰዎች ቁም ነገር ያለበት አስመስለው ልከው፣ የከፈተው ሰው ግን ሪክ አስትሊ የተባለው ድምፃዊ በ1987 ያወጣውን ዘፈን እንዲሰማ ያደርጉት ነበር። ይህም ማሞኛ በዓለም ሁሉ ተዛመተ። ነገር ግን ፊቱን የተዋሱት ሰው በሕይወት ያለ፣ ስሙም የታወቀ ነበርና በ2008 በኒውዮርክ በሚደረግ ታላቅ የበዓል ሰልፍ ላይ ራሱ ተገኝቶ ዘፈኑን በማቅረብ ከሣቂዎቹ ጋር ተጫወተ። የተወሰደበትን ፊት በገዛ እጁ መልሶ ያዘ። በለገሃር ስልክ ላይ ያየናቸው ሽማግሌ ይህን ማድረግ አይችሉም። መሣቂያ መሆናቸውን እንኳ ሳይሰሙ ይሆናል።

ስለዚህ ቀልድን የምንመዝንበት ሚዛን እንዲህ ቢሆን መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ምክንያቱ ሲወድቅ ቀልዱም አብሮ ይሞታል ወይስ በሰው ፊት ላይ ይኖራል? ሁለተኛ፣ ስሙንና መልኩን የተዋስነው ሰው ሊመልስልን ይችላል ወይስ አይችልም? የድሬድኖት ቀልድ በድፍረቱና በብልኀቱ ከብዙ ቀልድ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በሁለቱም ሚዛን ይቀልላል።

በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከአዲስ አበባ በምድር ባቡር ተነሥተው ወደ አውሮፓ ሄዱ። በለንደን ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ተቀበሏቸው፤ ከመቅደላ ከተወሰዱትም ዘውዶች አንዱን መለሱላቸው። የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኮልና አድሪያን ተማሪዎች ሳሉ በ1905 የዛንዚባር መስፍን ነን ብለው ከንቲባውን ያሞኙባት ከተማ ይህችው ኬምብሪጅ ናት። ያችው ከተማ በዚህ ጊዜ እውነተኛውን መስፍን በእውነተኛ ማዕርጉ ተቀበለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ «ቡንጋ ቡንጋ» ግን በሕዝብ አፍ ሲኖር ቆይቷል። እውነት ከባድ ስንቅ ስለ ሆነ በመንገድ ይቀራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ቀልድ ውስጥ ሣሩ የነበርን ሰዎች ነንና፣ ሌላውን ሣር ስናደርግ ይበልጥ ሊከብደን በተገባ ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ በለገሃር ሰልፍ ላይ የምናየው ሌላ ነው። የባላገሩ አነጋገር፣ የተሸካሚው ልብስ፣ የእብዱ ዳንኪራ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ላኪውም «ቀልድ እኮ ነው» ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከጣት ሲወጣማ አፋፉም አይዘው።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የመጀመሪያውን ሥዕል ስናይ በበሩ ላይ ሣቅን እንጂ በሩን ለመክፈት አላሰብንም። ሽማግሌው ያን ዕለት ጉዳያቸው ተፈጽሞላቸው ቢሆን ኖሮ ደጅ ላይ ባልቆሙም፤ ፎቶግራፍም ባልተነሡም ነበር። የቀልዱ እውነተኛ ዒላማ እኛ ነበርንና፣ በስልኩ ላይ በሩ ተቆርጦ ሲወጣ የዳንነው እኛ ነን። ያን በር መልሶ በሥዕሉ ላይ ማኖር፣ ማለትም ሣቁን ወደሚገባው ቦታ መመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የኛ የበር ጠባቂዎቹ ግዴታ ነው።